ሥራው ይቅደም፥ ስሙ ይከተል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከኮምፒዩተር ክበብ አባላት አንዱ ያደረገው ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ በዓል ላይ የኮምፒዩተር ክበብን ወክዬ ጥቂት ቃል እናገራለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ እግር ኳሱ ዋንጫና ስለ ቴአትሩ የሚያስደስት ነገር አሰምተዋችኋል። የእኔ ነገር እንደዚያ የሚያስጨበጭብ አይደለም። የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ፋይል ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ የሚጻፈው 40 ፊደልና አኃዝ፥ በመጨረሻውም አንድ የመስመር ማብቂያ ምልክት፥ በጠቅላላው 41 ባይት ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ፋይል አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ስለተገኘ፥ በቅርቡ ታትሞ ከእጃችሁ የሚገባው የበዓል መጽሔት ዋና ክፍል ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ነገሩ ለምን እንደ ደረሰ፥ እኛ እንዴት እንዳዳንነው፥ ከዚያም በላይ የፕሮግራሙ ሠሪዎች እንዲህ ያለውን ስሕተት እንዴት እንዳረሙት ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እንዲከተለኝ በተቻለ መጠን በቀላል ቃል እናገራለሁ።

የመጽሔቱን ዝግጅት የተቀበልነው ከየክፍሉ የተመረጥን 9 ተማሪዎች ነን። ሦስት ወር ሙሉ ጽሑፍ ስንሰበስብ፥ ስናርምና ስናስተካክል ቆየን። ከሁሉ ይልቅ የደከምንበት ሥራ ቀደም ባሉት ዓመታት ከዚህ ትምህርት ቤት የተመረቁ አረጋውያንን እየፈለግን ትዝታቸውን መጻፍ ነበር። የሰጡን ቃል ብዙ ስለሆነ ለመጽሔቱ እንዲበቃ ግማሹን ቆረጥነው። የተቆረጠውን ግን ወደ ፊት በተለየ መጽሐፍ እናሳትመዋለን ብለን ወሰንን። ከነዚያ አረጋውያን መካከል አንዱ ቃላቸውን ከሰጡን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እንግዲህ እርሳቸው የነገሩንን ነገር ዳግመኛ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው።

አንዱ ያረመውን ሌላው ሳያውቅ እንዳይሽርበት፥ ዛሬ የተሰረዘውም ነገር ነገ ቢፈለግ ተመልሶ እንዲገኝ፥ መምህራችን ጊት በሚባለው ፕሮግራም እንድንጠቀም አስተማሩን። ጊት የፋይሎችን ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። የጀመረው የፊንላንድ ተወላጅ የሆነው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ ጊዜውም በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ነው። በዚህ ንግግሬ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን እንድታውቁልኝ እለምናለሁ። ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ታላቅ ሥራ በየአገሩ ካሉ ሰዎች ጋራ ሲሠራ፥ ቢትኪፐር በሚባል የሌላ ኩባንያ ፕሮግራም ይጠቀም ነበር። ያለ ዋጋ ይሰጥ የነበረው ፈቃድ ሲቋረጥ የራሱን ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሣ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የጊትን ኀላፊነት ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበ፤ ሃማኖም ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በትጋት ጠብቆታል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። አንድ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን እርማት መዝግበን «እሰይ፥ ጨረስን» ስንባባል መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ ለማናችንም አዲስ ነገር ስላልሆነ ደብተራችንን ሰብስበን ወደየቤታችን ሄድን። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ስንከፍት ግን ጊት በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈልን። ትርጓሜው «አሁን ያለህበት ቅርንጫፍ የተሰበረ ይመስላል» የሚል ነው። የሥራውን ታሪክ እንዲያሳየን ብንጠይቀው ያንኑ መለሰ። ሁለተኛ ብንጠይቀው አሁንም ያንኑ መለሰ።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን። የመጨረሻው ቅጂ በፎልደሩ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን የአረጋውያኑ ቃል ያልተቆረጠው ሙሉ ጽሑፍ የሚገኘው በታሪኩ ውስጥ ብቻ ነበር። አንደኛው ጓደኛችን «የተበላሸውን ፋይል ሰርዘን እንደ አዲስ እንጀምር» አለ። መምህራችን ግን «ምንም ነገር እንዳትነኩ፤ በመጀመሪያ ፎልደሩን እንዳለ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡት» ብለው አዘዙን። ይህ ምክራቸው ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ የተረዳነው በኋላ ነው።

አሁን ጊት ሥራውን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ልግለጽ። አንድ መዝገብ ቤት በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ብዙ ሺሕ ዶሴዎች አሉ። ሥራችንን በመዘገብን ቁጥር አንድ አዲስ ዶሴ ይከፈታል፤ ይህም በጊት ቋንቋ ኮሚት ይባላል። እያንዳንዱ ዶሴ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚወጣው በዶሴው ውስጥ ካለው ጽሑፍ ላይ በሒሳብ ተሰልቶ ስለሆነ፥ ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በተለመደው አሠራር ይህ ቁጥር ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞችና ከ6 የላቲን ፊደሎች የተውጣጡ 40 ምልክቶች አሉት። ደግሞም እያንዳንዱ ዶሴ ከእርሱ በፊት የነበረውን ዶሴ ቁጥር በውስጡ ይይዛል። ስለዚህ የመጨረሻውን ዶሴ ያገኘ ሰው አንዱን በአንዱ እየተከተለ እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ መሄድ ይችላል።

ነገር ግን 40 ምልክት በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም። በዚህ ምክንያት ጊት ለሰው የሚመች ስም እየሰጠ፥ በስሙ አንጻር የመጨረሻውን ዶሴ ቁጥር በአንድ ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ይህ ማጣቀሻ ይባላል። ቅርንጫፍ የምንለውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ስምና አንድ ቁጥር ነው። በመጻሕፍት ቤታችን ያሉትን ካርዶች ታውቋቸዋላችሁ። ካርዱ መጽሐፉ አይደለም፤ መጽሐፉ ያለበትን መደርደሪያ የሚናገር ነው። ማጣቀሻም እንደዚሁ ነው።

ስለ ስም ካነሣሁ ዘንድ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ጊት የቅርንጫፍን ስም በአማርኛ ፊደል እንድንጽፍ ይፈቅዳል። ለእርሱ ግን ስም ማለት ፊደል በፊደል ነው እንጂ እንደ አነባበቡ አይደለም። እኛ የሥዕሎቹን ሥራ ለብቻው ለይተን ስንይዝ አንዱ በንጉሡ ሠ «ሥዕል» ብሎ ሰየመ፤ ሌላው በእሳቱ ሰ «ስዕል» ብሎ ጻፈ። በጆሮ አንድ የሆነው ስም በጊት ዘንድ ሁለት ቅርንጫፍ ሆኖ፥ የሥዕሎቹ ግማሽ በአንዱ ግማሹም በሌላው ሲጠራቀም ሰነበተ። የአማርኛ መምህራችን ስለ ፊደል አጻጻፍ ሲቈጡን ለምን እንደ ሆነ ያን ቀን ገባን።

እንግዲህ የእኛ ጥፋት ምን ነበር? መምህራችን ፋይሉን ቢከፍቱት ባዶ ነው። በ41 ባይት ፈንታ ዜሮ ባይት ሆኗል። ዶሴዎቹ አልጠፉም፤ የአረጋውያኑ ቃል እንደ ተጻፈ በመደርደሪያው ላይ አለ። የጠፋው ወደዚያ የሚመራው ካርድ ነው። አንድ ካርድ ስለጠፋ የ3 ወር ሥራ ከነቤቱ የተሰወረ መሰለ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በተቃራኒው ደረሰ፤ ሥራው በሕይወት ሳለ ስሙ ሞተ።

ማዳኑ እንዲህ ሆነ። ጊት ከማጣቀሻው በተጨማሪ አንድ የዕለት መዝገብ ይይዛል። ማጣቀሻው በተለወጠ ቁጥር የቀድሞው ቁጥር ከምን ወደ ምን እንደ ተለወጠ፥ ማን በስንት ሰዓት እንደ ለወጠው በአንድ መስመር ይጻፍበታል። መምህራችን ይህን ፋይል በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፈቱት። የመጨረሻው መስመር መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት የተጻፈ ስለሆነ ተበላሽቷል፤ ከእርሱ በፊት ያለው መስመር ግን ደኅና ነው። ቀጥሎ ጊት መዝገብ ቤቱን በሙሉ እንዲመረምርና ምንም ማጣቀሻ የማይመራበትን ዶሴ እንዲነግረን አዘዙት። ብዙም ሳይቈይ አንድ ቁጥር አወጣ። ይህን ዶሴ ቢከፍቱት የመጨረሻው እርማታችን ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባዶውን ፋይል አስወግደው ማጣቀሻውን በዚህ ቁጥር እንደ አዲስ አቆሙት። ታሪኩ ሁሉ ከነአረጋውያኑ ቃል ተመለሰ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

መምህራችን ግን «ሥራችሁ ስለዳነ ብቻ አትደሰቱ፤ ለምን እንደ ተበላሸ ካላወቃችሁ ነገም ይበላሻል» አሉን። ስለዚህ የክበባችን አባላት ጥቂት ሳምንት ይህንን ስናጠና ቆየን። ያገኘነውን ነገር አሁን አቀርባለሁ።

ጊት ማጣቀሻን ሲለውጥ አሮጌውን ፋይል ከፍቶ በላዩ ላይ አይጽፍም። እንዲህ ቢያደርግ በመካከሉ የሚያነብ ሰው ግማሽ ቁጥር ሊያገኝ ይችላልና። በዚህ ፈንታ አዲስ ፋይል ይከፍታል፤ ይህ ፋይል እንደ ቁልፍም ያገለግላል፤ እርሱ እስካለ ድረስ ሌላ ጸሓፊ ያንን ማጣቀሻ ሊለውጥ አይችልም። አዲሱን ቁጥር በዚህ ፋይል ከጻፈ በኋላ ስሙን ለውጦ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። የስም መለወጡ በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ስለሆነ፥ የሚያነብ ሰው ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ሙሉ ቁጥር ያገኛል እንጂ ግማሽ አያገኝም። ይህ ብልኀት በጎ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። ፕሮግራም «ጻፍሁ» ሲል ጽሑፉ ዲስክ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩ ሥራን ለማፋጠን ብሎ የተጻፈውን ነገር ለጥቂት ጊዜ መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያቆየዋል፤ ወደ ዲስክ የሚያወርደውም በራሱ ቅደም ተከተል ነው። እንግዲህ የስም ለውጡ በዲስኩ ላይ ተመዝግቦ፥ በፋይሉ ውስጥ መኖር የሚገባው ቁጥር ግን ገና ሳይወርድ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ስሙ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ደብዳቤውን ሳይጽፍ ፖስታውን አሽጎ አድራሻውን የጻፈ ሰው ማለት ነው። ተቀባዩ ፖስታውን ሲከፍት ምንም አያገኝም።

መድኀኒቱ ሲነገር ቀላል ነው። ጸሓፊው ስሙን ከመለወጡ በፊት «የጻፍሁት በእርግጥ ዲስክ ላይ ደርሷልን?» ብሎ ኮምፒዩተሩን መጠየቅና እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። በ2022 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር በወጣው የጊት ቁጥር 2.36 ውስጥ ፓትሪክ ስታይንሃርት የተባለው ሠራተኛ ይህንኑ ለማጣቀሻዎች አበጀ። እንዲህ እንዲያደርግ የታዘዘ ጊት ማጣቀሻውን ይጽፋል፤ ዲስክ ላይ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ይለውጣል። ይህ መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ብዙ ማጣቀሻ በሚለወጥበት ቦታ ሥራው ይዘገያል። ሠሪዎቹም ጥንቃቄንና ፍጥነትን ማመዛዘን ነበረባቸው። የእኛ ቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ግን ከዚያ ዓመት በፊት በወጣ አሮጌ ጊት ይሠራ ነበር። በቅጽበት የምናተርፈው ፍጥነት 3 ወር ሊያስከፍለን ነበር ማለት ነው። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ወደሆነ ሌላ ስሕተት ላምራ። በዚህኛው ውስጥ መብራት አልጠፋም፤ ማንም ሰው አልቸኮለም፤ ሁሉም ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበር፤ ሆኖም ማጣቀሻ ይሰወር ነበር።

ጊት ማጣቀሻዎችን የሚያስቀምጠው በ2 ዓይነት ነው። አንደኛው ቀደም ብዬ እንደ ተናገርሁት እያንዳንዱን በየራሱ ትንሽ ፋይል ነው፤ እነዚህን ካርዶች እንበላቸው። ካርዶቹ እጅግ ሲበዙ ግን ሥራው ስለሚከብድ፥ ሁሉንም በአንድ ፋይል ገልብጦ ካርዶቹን ያነሣል። ይህንን አንድ ፋይል ትልቁ መዝገብ እንበለው። አንድ ስም በሁለቱም ቢገኝ የሚታመነው ካርዱ ነው፤ አዲሱ ቁጥር የሚጻፈው በካርድ ላይ ነውና።

አሁን በመዝገብ ቤቱ 2 ጸሓፊዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ጸሓፊ ጠዋት ትልቁን መዝገብ አንብቦ በአእምሮው ያዘው። በመካከሉ ሁለተኛው ጸሓፊ መጥቶ ካርዶቹን በሙሉ በትልቁ መዝገብ ላይ ገለበጠና ካርዶቹን አነሣ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጸሓፊ አንድ ስም ተጠየቀ። የካርዱን ሣጥን ከፈተ፤ ካርዱ የለም። «በትልቁ መዝገብስ?» ብሎ ጠዋት በአእምሮው የያዘውን አስታወሰ፤ በዚያም የለም። ስለዚህ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ብሎ መለሰ። ስሙ ግን ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አልጠፋም ነበር። ከካርዱ ወደ መዝገቡ ሲሻገር በአንዱ ጎን ያለው ሰው ዘግይቶ፥ በሌላው ጎን ደግሞ ቀድሞ ስለተመለከተ ብቻ ነው ያላየው።

ይህ የሽቅድምድም ስሕተት ይባላል። በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በሚሠሩበት ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ግን ይታያል። የከፋው ነገር ደግሞ ጠራጊው በዚያች ቅጽበት የመጣ እንደ ሆነ ነው። ጊት በየጊዜው ማንም የማይመራባቸውን ዶሴዎች የሚያስወግድ ጠራጊ አለው። ጠራጊው «የዚህ ዶሴ ስም የለም» ከተባለ ዶሴውን ሊያስወግድ ይችላል።

ይህንን በ2013 ዓ.ም. ጄፍ ኪንግና ማይክል ሃገርቲ የተባሉት ሠሪዎች መርምረው አረሙት፤ እርማቱም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በወጣው ቁጥር 1.8.4 ውስጥ ገባ። እርማቱ ምን ነበር? ጸሓፊው ካርዱን ፈልጎ ሲያጣ ጠዋት በአእምሮው የያዘውን እንዳያምን ታዘዘ። ትልቁ መዝገብ ካነበበው ወዲህ ተለውጦ እንደ ሆነ የፋይሉን መጠንና ሰዓት ይመልከት፤ ተለውጦ ከሆነ እንደገና ያንብብ። ደግሞም ካርዱ መኖሩን አይቶ ሊያነሣው እጁን ሲዘረጋ ካርዱ ቢወሰድበት፥ ቀድሞ እንደሚያደርገው «ስሕተት ሆነ» ብሎ ሥራውን እንዳያቆም፥ እንደገና እንዲሞክር ተደረገ። ነገሩ ሲጠቃለል «የለም ከማለትህ በፊት ሁለተኛ ተመልከት» የሚል ነው።

ሦስተኛውም እርማት ከዚሁ ጋራ ይሄዳል። ቀድሞ ጠራጊው አንድ የተበላሸ ማጣቀሻ ሲያጋጥመው እንደሌለ ቈጥሮት ያልፍ ነበር። እንዲህ ሲሆን ስሙ ብቻ ተበላሽቶ የነበረው ሥራ፥ ጠራጊው ካለፈ በኋላ ራሱም ይጠፋል። ትንሹ ጉዳት ትልቅ ይሆናል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ጄፍ ኪንግ ይህንን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ጠራጊው የተበላሸ ማጣቀሻ ባየ ጊዜ መጥረጉን ትቶ ይቆማል። ስሙ የሌለና ስሙ የተበላሸ አንድ አይደሉምና።

አሁን ጓደኛችን «የተበላሸውን ፋይል ሰርዘን እንደ አዲስ እንጀምር» ባለ ጊዜ መምህራችን ለምን እንደ ከለከሉን ይገባችኋል። የተሰበረው ፋይል በቦታው ሳለ ጠራጊውን «ቁም» የሚል ምልክት ነበር። እኛ በገዛ እጃችን ሰርዘነው ብንተወው ኖሮ የሚከለክለው አይኖርም። የዕለቱ መዝገብ በተለመደው ሥርዓት እንደ ሁኔታው ከ30 እስከ 90 ቀን ይቆያል፤ በመዝገቡም ያልተጻፈ፥ ማንም የማይመራበት ዶሴ ግን 2 ሳምንት ካለፈው ለመጠረግ የተዘጋጀ ነው። በመዝገቡ ያልተጻፈው የመጨረሻው እርማታችን ለመጥፋት 2 ሳምንት ይበቃው ነበር። የአረጋውያኑ ቃልም ጥቂት ወራት ዘግይቶ ያንኑ መንገድ በተከተለ ነበር። ማንም ሰው ክፉ ነገር ሳያደርግ፥ ፕሮግራሙም እንደ ታዘዘው እየሠራ፥ የአንድ አባት ምስክርነት በጸጥታ በጠፋ ነበር።

የማጣቀሻዎች ታሪክ በዚህ አላበቃም። ሾን ፒርስ የተባለው መሐንዲስ በ2017 ዓ.ም. ካርዶቹንና ትልቁን መዝገብ የሚተካ ሌላ አቀማመጥ ነደፈ፤ ስሙም ሬፍቴብል ይባላል። በዚህ አቀማመጥ ብዙ ማጣቀሻዎች በአንድነት ሲለወጡ ወይ ሁሉም ይለወጣሉ ወይ አንዱም አይለወጥም። ፒርስ በ2018 ዓ.ም. በሞት ተለየ፤ ሥራው ግን በሌሎች እጅ ቀጥሎ በ2024 ዓ.ም. በወጣው ቁጥር 2.45 ውስጥ ገባ። እርሱ የዘራውን ሌሎች አጨዱት።

ክቡራንና ክቡራት፤

ይህንን ሁሉ የተናገርሁት የፕሮግራም ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። እኔም ገና ተማሪ ነኝ። ነገር ግን ስሕተትን ማረም ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የተማርሁ ይመስለኛል። እኛ ተማሪዎች ስሕተት ስናገኝ በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ነው ያበላሸው?» ብለን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ወንጀለኛ ብትፈልጉ አታገኙም። መብራት ኀይሉም፥ ኮምፒዩተሩም፥ ጸሓፊውም፥ ጠራጊውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። አንዱ ነገር ከሌላው ቀደመ፤ መቅደም የነበረበትም ዘገየ። የእነዚያ ሠሪዎች ብልኀት ማን እንዳጠፋ መፈለግ ሳይሆን የቱ ይቅደም፥ የቱ ይከተል ብሎ መጠየቅ ነበር።

ሁለተኛም፥ አንድ እርማት ተደረገ የሚባለው ስሕተቱ አንድ ቀን ስላልታየ አይደለም። ጊትን የሚያርሙ ሰዎች ካረሙት ነገር ጋራ ብዙ ጊዜ አንድ ፈተና አብረው ይጽፋሉ። ፈተናው በአሮጌው ፕሮግራም ላይ ሲወድቅ፥ በታረመው ላይ ሲያልፍ መታየት አለበት። ከዚያም ወዲያ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን በለወጠ ቁጥር ያ ፈተና ይደገማል። በመምህሮቻችን ፈተና ለምናጉረመርም ለእኛ ይህ መልካም ትምህርት ነው።

ለጓደኞቼ ሦስት ምክር ትቼ ልቀመጥ። አንደኛ፥ የምትሠሩበት ፕሮግራም አዲስ እርማት ሲወጣለት ችላ አትበሉት፤ የእኛ መድኀኒት አስቀድሞ ተሠርቶ ሳለ እኛ አላወረድነውም ነበር። ሁለተኛ፥ ሥራችሁን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አታኑሩ፤ ጊት ሥራውን ከነሙሉ ታሪኩ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይችላልና በየቀኑ ግልባጩን ወደ ሌላ ስፍራ ላኩት። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። ሦስተኛ፥ አንድ ነገር የጠፋ ሲመስላችሁ ለመሰረዝ አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያ ገልብጡ፥ ቀጥሎ መርምሩ።

ለወላጆቻችንና ለመምህራኖቻችን የምለው ደግሞ አንድ ነገር ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ያለፉት ዓመታት ሥራ ስሙ በማይታወቅ ብዙ ሰው የተሠራ ነው። ዶሴው አለ፤ ካርዱ ጠፍቷል። በየቤታችሁ የምታውቋቸው የቀድሞ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ካሉ፥ ጠራጊው ከመምጣቱ በፊት ወደ እኛ ምሩን። ወረቀትና ኮምፒዩተር ይዘን እንመጣለን። ከእንግዲህ ወዲህም የነገሩንን ነገር በሚገባ ከመዘገብንና መድረሱን ካረጋገጥን በኋላ ነው «ጨረስን» የምንለው።

በእኛ ጊዜ ብዙ ሰው ስሙን ቀድሞ ማስጠራት ይወዳል፤ ሥራውን ግን በኋላ እደርስበታለሁ ይላል። ያች የ41 ባይት ፋይል ለእኔ የነገረችኝ የዚህን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ሥራው ተጽፎ ይለቅ፤ መድረሱም ይረጋገጥ፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይከተላል።